ጉማሬና ዓሣ ነባሪ፦ ከአፋምቦ እስከ ጣና የአደንና የጥበቃ ታሪክ

አዋሽ ከመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ይቀራል፤ ከአሳይታ በታች አፋምቦ ሲደርስ ጋማሪና አፋምቦ የተባሉትን ሐይቆች መግቦ፣ በጂቡቲ ወሰን ላይ ባለው ጨዋማ የአቤ ሐይቅ ያበቃል። የዓሣ ነባሪ አደን ታሪክ ከእንዲህ ያለ በረሃ መነሣቱ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን እንስሳ በአብዛኛው የሚያውቀው በጾመ ነነዌ ሰሞን ከሚነበበው ከነቢዩ ዮናስ ታሪክ ነውና። ይሁን እንጂ ዓሣ ነባሪ በሳንባው የሚተነፍስና ልጁን የሚያጠባ እንስሳ እንጂ ዓሣ አይደለም፤ በ1990ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተካሄዱ የዘረ መል ምርመራዎችም ዛሬ በሕይወት ካሉት የየብስ እንስሳት መካከል ለእሱ በዝምድና የሚቀርበው ጉማሬ መሆኑን አሳይተዋል። የሁለቱ የጋራ ቅድመ አያት የኖረው ከ50 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው ተብሎ ይገመታል።

ጉማሬ ለአዋሽ ሸለቆ እንግዳ አይደለም። በአፋር ስምጥ ደቡባዊ ዳርቻ በምትገኘው ጮሮራ ከተገኙ ጥርሶች በመነሣት ተመራማሪዎች በ2010 ጮሮራቴሪየም ብለው የሰየሙት እንስሳ፣ ከሚታወቁት የጉማሬ ወገኖች እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት አንዱ ነው። ሰው የጉማሬን ሥጋ መብላቱም ጥንታዊ ነው። በላይኛው አዋሽ በመልካ ቁንጡሬ፣ ጎምቦሬ በተባለው ሥፍራ፣ የ700,000 ዓመት ዕድሜ ባለው ጭቃ ላይ የጉማሬና የሰው ልጆች ዱካ አብሮ ተገኝቷል፤ በዚያውም ጉማሬ በድንጋይ መሣሪያ ይበለት እንደነበር የሚያስረዳ አጥንት ተለቅሟል። በመካከለኛው አዋሽ ደግሞ ዶክተር ብርሃነ አስፋው ከመሪዎቹ አንዱ የሆኑበት የምርምር ቡድን፣ በሄርቶ 160,000 ዓመት ያስቆጠሩትን ቀደምት ዘመናዊ ሰዎች የራስ ቅል በ2003 ይፋ ሲያደርግ፣ በዚያው አካባቢ የድንጋይ ስለት ምልክት ያለባቸው የጉማሬ አጥንቶች መገኘታቸውንም ጨምሮ ገልጿል። ሰዎቹ ጉማሬውን ራሳቸው ይግደሉት ወይም ሞቶ ያግኙት ከአጥንት ብቻ መፍረድ ያስቸግራል፤ ሥጋውን መብላታቸው ግን አያከራክርም።

የጉማሬ አደን ወደ ሕዝብ መተዳደሪያነት አድጎ የታየው በጣና ዙሪያ በሚኖሩት ወይጦዎች ዘንድ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን፣ ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺስማን ደግሞ በ20ኛው መቶ ዘመን ስለ እነርሱ ጽፈዋል። ወይጦዎች ከደንገል በታሰረች ታንኳ ተሳፍረው ጉማሬ በሚወጣበት የውኃ ዳር ይቀርቡና መርዝ የተቀባ ጦር ይወረውሩ ነበር፤ ታንኳይቱ እንስሳው አንድ ጊዜ ቢገፋት የምትገለበጥ በመሆኗ የአዳኙ ጥበብ ከጉልበት ይልቅ ወርውሮ በመራቅ ላይ ያረፈ ነበር። ሥጋው ለምግብ፣ ቆዳው ለጋሻና ለአለንጋ፣ ጥርሱ ለገበያ ይውላል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ወይጦዎች የማያመሰኳ እንስሳ ሥጋ ስለሚበሉ፣ ሙስሊሞቹም የወይጦዎቹን እስልምና እየተጠራጠሩ፣ ሁለቱም ወገኖች ከማዕድ ያገሏቸው ነበር፤ በአለንጋው እየነዱና በጋሻው እየተከለሉ አዳኙን ብቻ ርኩስ ማለታቸው ግን ፍትሐዊነት የጎደለው ነበር።

የዓሣ ነባሪ አደንም አጀማመሩ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። በመካከለኛው ዘመን የባስክ ሰዎች በትንንሽ ጀልባዎች እየቀዘፉ፣ ገመድ የታሰረበት ባለ መንጠቆ ጦር ይወረውሩ ነበር። ነገሩ የተለወጠው ኖርዌያዊው ስቬን ፎይን በ1860ዎቹ ፈንጂ የተገጠመለትን ጦር ከመድፍ የሚተኩስ መሣሪያ ሲያስፋፋ፣ ኋላም በ1920ዎቹ የተገደለውን እንስሳ ከነአካሉ ወደ ላይ ስቦ እዚያው ባሕር ላይ የሚያርድና ስቡን የሚያቀልጥ የፋብሪካ መርከብ ሲመጣ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን የተገደሉት ዓሣ ነባሪዎች ወደ 3 ሚሊዮን ይደርሳሉ ተብሎ ይገመታል። አደኑን ለመቆጣጠር በ1946 በዋሽንግተን በተፈረመው ስምምነት የዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ቢቋቋምም፣ ኮሚሽኑ በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ሲሠራ የኖረው አዳኞቹን ከመግታት ይልቅ ኮታ ማደላደል ነበር። የሶቪየት መርከቦች በ1960ዎቹ በአረብ ባሕር ሳይቀር በድብቅ ሲያድኑ እንደነበር የታወቀውም ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው። ኮሚሽኑ በ1979 ቀይ ባሕርን ጭምር የሚያጠቃልለውን የሕንድ ውቅያኖስ ክልል ለንግድ አደን ዝግ አደረገ፤ በ1982 ደግሞ ከ1985/86 የአደን ወቅት ጀምሮ የሚጸና አጠቃላይ እገዳ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ሃምፕባክ የተባለው ዝርያ በብዙ ባሕሮች አንሰራርቷል፤ ጃፓን በ2019 ከኮሚሽኑ ወጥታ የንግድ አደኗን እንደገና ብትጀምርም የቀድሞው ዓይነት ጭፍጨፋ አልተመለሰም።

በኢትዮጵያ የጉማሬውን ቁጥር ያመነመነው የወይጦ ጦር ብቻ አልነበረም፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና ከዚያም ወዲህ የተስፋፋው ጠመንጃ ከጦሩ የከፋ ጉዳት አድርሷል። መንግሥት በ1944 የአውሬ ጥበቃ አዋጅ አወጣ፤ የጣናውም አደን በጉማሬው መመናመንና በክልከላው ምክንያት ቀርቶ ወይጦዎች ወደ ዓሣ ማስገር፣ ወደ ደንገል ሥራና ወደ ግብርና ዞሩ። እዚህ ላይ የሁለቱ ጥበቃዎች ልዩነት ጎልቶ ይታያል። የዓሣ ነባሪው ኮሚሽን የንግድ አደንን ሲያግድ ለአላስካ፣ ለግሪንላንድና ለሩሲያዋ ቹኮትካ ነባር ሕዝቦች ለቀለብ የሚሆን የተወሰነ አደን ፈቅዷል፤ ለወይጦዎች ግን እንዲህ ያለ በር አልተከፈተላቸውም። እንስሳው ከመመናመኑ አንጻር ክልከላው ተገቢ ነበር፤ ከአደኑ ለወጣው ሕዝብ ምትክ መተዳደሪያ አለማሰቡ ግን ጉድለቱ ነው።

በአዋሽ ሸለቆ በ1966 የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ሕጋዊ ዕውቅና አገኘ፤ ኢትዮጵያም በ1989 በመጥፋት ላይ ያሉ እንስሳትንና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚገዛውን ስምምነት ተቀበለች። ሆኖም ዛሬ በአዋሽ ላይ ጉማሬን ከጦርና ከጥይት ይልቅ የሚያሰጋው የውኃውና የግጦሹ ጉዳይ ነው። በ1960 ከተገነባው የቆቃ ግድብ ጀምሮ እስከ ተንዳሆ እርሻዎች ድረስ ወንዙ በየደረጃው ይጠለፋል፤ የአቤ ሐይቅም እየሸሸ ሄዷል፤ ከውጭ የገባው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ደግሞ የአርብቶ አደሩ ከብትም ጉማሬውም የሚግጡበትን የወንዝ ዳር ወርሯል። ጉማሬ ቀን ቀን ቆዳውን ከፀሐይ የሚጋርድበት ውኃ፣ ሌሊት ደግሞ የሚግጠው ሣር ያስፈልገዋል፤ አንዱ ከጎደለ ወደ ማሳ ይወጣና ከገበሬው ጋር ይጋጫል። በ2008 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አዳኝን መቅጣት ይችላል፤ ከአዋሽ ምን ያህል ውኃ አፋምቦ ይድረስ የሚለውን የሚወስነው ግን የተፋሰሱ አስተዳደር ነው። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ለታችኛው አዋሽ እንስሳትና አርብቶ አደሮች የሚተርፈውን ውኃ በጋራ ተመካክረው ሊወስኑ ይገባል።