ካሜራው ደረት ላይ፣ ቁልፉ በማን እጅ?

ፖሊስ ደረቱ ላይ ካሜራ ቢሰካ ዱላው ይቀንሳል ወይ? ጥያቄው የአሜሪካና የአውሮፓ ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን መልሱን ፍለጋ መጀመሪያ ወደ ይፋግ ገበያ ልመልሳችሁ። ጉልበት ባለው ሰው ላይ ማን ይመስክር የሚለው ክርክር ለእኛ አገር አዲስ አይደለምና።

ይፋግን ዛሬ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በአስፋልቱ የሚያልፍ ሰው ልብ ላይላት ይችላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ከበጌምድር ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከጎጃም ወደ ጎንደር የሚሻገረው ሲራራ ነጋዴ ያርፍባታል፤ አሞሌ ጨው ይመነዘርባታል፤ ደብረ ታቦር የተቀመጠው ገዥም ከቀረጧ ይጠቀማል። እንዲህ ያለ ገበያ ባለበት ሌባ አይጠፋም፤ ሌባ ባለበት ደግሞ ያዥና መርማሪ ያስፈልጋል። ደመወዝ የሚቆረጥለት ባለመለዮ ፖሊስ ግን ገና አልተፈጠረም።

በዚያ ዘመን በበጌምድር እንደሌላውም የአማራ አገር ሁሉ ዋናው የምርመራ መንገድ አውጫጭኝ ነበር፤ አንዳንዱ አፈርሳታ ይለዋል። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲሰወር የአካባቢው ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ጥፋተኛው ሳይታወቅ ወደ እርሻ መመለስ የለም። የሚያውቅ ሰው በአደባባይ ቢናገር ቂም ይተርፈዋል፤ ስለዚህ ለተመረጡት ሽማግሌዎች "ወፍ ነገረችኝ" ብሎ ያወጣል። ወፏ ማን እንደሆነች አይገለጥም።

ነገሩን ላሳምረው አልፈልግም። ወፍ ሆኖ ባላንጣውን ያስበላ ብዙ ነው፤ ያለ ጥፋቱ ዕዳ የከፈለ ድሃም እንዲሁ። ሆኖም አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ ምስክርነቱ የነበረው በጭቃ ሹሙ ኪስ ሳይሆን በተሰበሰበው ሰው መሐል ነው። ሹሙ ብቻውን ሊያጠፋው አይችልም።

ቆራኛም ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው፣ አብረው እየበሉ፣ አብረው እያደሩ ዳኛ ፊት ይደርሳሉ። ጭካኔ አለበት፤ ውርደትም አለበት። ግን በተከሳሹ ገላ ላይ በመንገድ የደረሰውን ሁሉ የሚያይ ሌላ ሰው ከክንዱ ጋር ታስሮ ይሄድ ነበር። ገላ ላይ የሚታሰር ምስክር እንግዲህ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተፈለሰፈ አይደለም።

የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ሌባ ሻይ ነው። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ራሱን ይስታል፤ ከወገቡ በታሰረ ጨርቅ ባለሥልጣኑ ይዞት በየመንደሩ ይነዳል፤ ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፤ የጠፋውን ንብረት ይከፍላል። ለተመልካች ልጁ በራሱ ኃይል የሚሄድ ይመስላል። የጨርቁ ጫፍ ግን በሹሙ እጅ ነው። ልጁን በማን በር በኩል እንደሚያሳልፈው የሚወስነው እሱ ነው። ምስክርና መርማሪ አንድ ሲሆኑ የሚሆነውን ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በልጅ ኢያሱ ዘመን ተረንቡሌ የተባለው የከተማ ዘብ አዲስ አበባ ላይ ታየ፤ ቆራኛና ሌባ ሻይም መነቀፍ ጀመሩ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ወጣ፤ ዘመናዊው የፖሊስ ኃይል በሕግ ቆመ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 31 ፖሊስ ቃል ለመቀበል ማስፈራራትንም ማባበልንም ከለከለ። ዛሬ የሚሠራበት የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 424 በምርመራ ላይ ያለን ሰው የሚደበድብ ሹም እንዲቀጣ ይደነግጋል። ሕጉ ሞልቷል፤ የጎደለው ምስክር ነው። በጣቢያው ውስጥ የሆነውን የሚጽፈው የዕለት ሁኔታ መዝገብ ነው፤ መዝገቡን የሚይዘው ደግሞ ያው ፖሊስ ነው። ሥጋን ለጅብ አደራ እንደመስጠት ነው።

"እንግዲያው ካሜራው ይህን ይፈታዋላ!" የሚለኝ አይጠፋም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የሆነውን ላስታውሰው። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የጸጥታ ኃይሎች በሰልፈኞች ላይ ተኮሱ። ፓርላማው አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን፣ 763 ሰዎች መቁሰላቸውን ቆጠረ። በ1998 ክረምት አባላቱ የተወሰደው ኃይል ከመጠን ያለፈ ነበር ወይ በሚለው ላይ ድምፅ ሰጡ። በኋላ አገር ጥለው የወጡት ሰብሳቢው ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ወልደሚካኤል መሸሻ እንደመሰከሩት፣ ውጤቱ ስምንት ለሁለት ሆኖ ከመጠን ያለፈ ነው ተባለ። ከዚያ ጫናው መጣ። ፓርላማ የቀረበው ሪፖርት የሟቾቹን ቁጥር እንዳለ ይዞ መደምደሚያውን ገለበጠው፤ እርምጃው ተመጣጣኝ ነው አለ።

እዚህ ላይ ካሜራ ነበር። የኮሚሽኑ ውይይት በቪዲዮ ተቀርጿል፤ አባላቱ ያሉትን የዓለም ሰው የሰማው ያ ቅጂ ከአገር ስለወጣ ነው። ቅጂው ቁም ሣጥን ውስጥ ቢቀር ኖሮ ዛሬ የምናውቀው የፓርላማውን ሪፖርት ብቻ በሆነ ነበር። ማንሣቱ አይደለም ነገሩን የለወጠው፤ መውጣቱ ነው።

ከጎንደር ምድር ወደ እስራኤል የሄዱት ወገኖቻችንም ይህን በገላቸው አይተውታል። ሚያዝያ 18 ቀን 2007 ሆሎን በምትባል ከተማ ደማስ ፓካዳ የሚባል ቤተ እስራኤላዊ ወታደር፣ መለዮውን እንደለበሰ፣ በአንድ ፖሊስና በአንድ ረዳቱ መንገድ ላይ ተደበደበ። መጀመሪያ የታሰረው ራሱ ነበር፤ ፖሊስ መታህ ተብሎ። ነፃ ያወጣው በአካባቢው የተተከለ የጥበቃ ካሜራ ነው። ቪዲዮው ሲወጣ ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ በሰልፍ ተናወጡ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ወታደሩን ጠርተው አነጋገሩት። ፖሊሱ ሥራውን አጣ፤ ዋናው ዐቃቤ ሕግ ግን የወንጀል ክስ ሳይመሠርት መዝገቡን ዘጋው። ካሜራው የፖሊስ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ እስር ቤት አይከርምም ነበር ብሎ የሚከራከረኝ ይኖር ይሆን? ከአራት ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2011፣ ሰለሞን ተካ ከሥራ ሰዓት ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሞተ። ከሥራ ውጭ ያለ ፖሊስ ደግሞ ሽጉጡን ይዞ ይወጣል እንጂ ካሜራ ደረቱ ላይ አይሰካም።

ጥናቶቹም የሚሉት ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሪያልቶ በምትባል የካሊፎርኒያ ትንሽ ከተማ በተደረገ ሙከራ ካሜራ በተያዘባቸው ፈረቃዎች የኃይል አጠቃቀም በግማሽ ያህል ዝቅ አለ፤ ዓለም ሁሉ ካሜራ ለመግዛት የተሯሯጠው ከዚያ ወዲህ ነው። በ2017 ግን ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከ2,000 በላይ ፖሊሶች በዕጣ ተከፍለው ሲታዩ ካሜራ በያዘውና ባልያዘው መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት ጠፋ። ግራ ያጋባውን ነገር የሚያጠራው በ2016 የወጣው፣ በበርካታ ከተሞች የተካሄደው ጥናት ነው፦ ፖሊሱ ካሜራውን ሁልጊዜ እንዲከፍት በታዘዘበትና ትእዛዙን ባከበረበት ቦታ የኃይል አጠቃቀሙ በ37 በመቶ ቀነሰ፤ መክፈትና መዝጋት ለፖሊሱ ፈቃድ በተተወበት ግን በ71 በመቶ ጨመረ። ያው ካሜራ፣ ያው ፖሊስ። የተለየው ቁልፉ በማን ፈቃድ ይነካል የሚለው ነው። ሌባ ሻይ ትዝ አላላችሁም?

የጆርጅ ፍሎይድን ሞት ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያስታውሰው በቦታው የነበሩት ፖሊሶች ደረታቸው ላይ ካሜራ እንደነበራቸው ነው። ካሜራው እየቀረፀ ጉልበቱ ከሰውየው አንገት አልተነሣም። የሚኒያፖሊስ ፖሊስ የመጀመሪያ መግለጫም ሰውየው ከጤና ችግር ጋር በተያያዘ ሞተ የሚል ነበር። መግለጫውን ውሸት ያደረገው ከእግረኛ መንገዱ ዳር የቆመች የ17 ዓመት ልጅ በስልኳ ያነሣችው ቪዲዮ ነው። የዘመኑ ወፍ እሷ ናት።

በእኛ ክልል ግን ወፏ ራሷ ተዘግታባት ነው የከረመችው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ደብረ ታቦርም፣ ይፋግም፣ አዲስ ዘመንም በዚያ ጨለማ ውስጥ ነበሩ። ጥር 20 ቀን 2016 መራዊ ላይ የመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ቢያንስ 45 ሲቪሎችን ከሕግ ውጭ መግደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ያስታወቀው ኔትወርኩ እንደዚያ ተዘግቶ ሳለ ነው። ሲቪሉ ስልክ እንዳይከፍት በሚደረግበት አገር ለባለመሣሪያው ብቻ ካሜራ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፦ አንዱ ወገን ብቻ የሚያነሣበት፣ አንዱ ወገን ብቻ የሚያሳይበት ታሪክ። ከካሜራው በፊት የነዋሪው ስልክ ይከፈት የምለው ለዚህ ነው።

ይህ ማለት ግን ፖሊስ ካሜራ አይያዝ ማለት አይደለም። ይያዝ። ነገ ለደብረ ታቦር ፖሊስ ካሜራ ይገዛ ቢባል ግን ጨረታው ላይ ከሚጻፈው የባትሪ ዕድሜና የምስል ጥራት በፊት ሊጻፍ የሚገባው ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ቪዲዮውም አብሮት ይቅረብ፤ ቅጂው በዚያው ሰዓት በፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር እጅ ይግባ፤ ተከሳሹም ጠበቃውም ይዩት። ካሜራው ጠፍቶ ነበር ከተባለ ደግሞ ለምን እንደጠፋ የማስረዳቱ ሸክም በፖሊሱ ላይ ይውደቅ።