አዋቂዎችን ለእግር ሕመም የሚዳርገው ዝሆኔ

በአገሪቱ ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች አዋቂዎችን ለእግር ሕመም ከሚዳርጉ ምክንያቶች አንዱ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው ፖዶኮኒዮሲስ ነው።

በሽታው የሚከሰተው ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሥራት ነው። የአፈሩ ረቂቅ ብናኝ በቆዳ ሰርጎ የሊምፍ ቱቦዎችን ይጎዳል። ከፍታቸውም ሆነ ዓመታዊ ዝናባቸው ከ1 ሺህ ሜትርና ከ1 ሺህ ሚሊ ሜትር በላይ የሆኑ አካባቢዎች ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው፤ በባህር ዳር ዙሪያ የምትገኘው ሰባታሚትም በዚሁ የከፍታና የዝናብ ክልል ውስጥ ትገኛለች።

እ.ኤ.አ. በ2013 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ተመርማሪዎች 4 በመቶ ያህሉ በሽታው ተገኝቶባቸዋል።

ገበሬውን ከእርሻው የሚያስቀረው እብጠቱ ብቻ አይደለም። ኅብረተሰቡ «ምች» የሚለው፣ ትኩሳትና ብርቱ ሥቃይ ያለው ሕመም በየጊዜው እያገረሸ አልጋ ላይ ያውለዋል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ የሕመሙን ድግግሞሽ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጫማው ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ተቀምጦ እርሻው በባዶ እግር ከታረሰ ግን ጥቅሙ እምብዛም ነው።

በአንድ ቤተሰብ መደጋገሙ በዘር ካለ ተጋላጭነት ጋር የተያያዘ ቢሆንም በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ታማሚውን ከጋብቻና ከማኅበር ማግለልም መሠረት የለውም።