ጥቁር ራኩ የሻይ ጣባ
ኪዮቶ፣ ጃፓን፤ በቾጂሮ (በ1589 እ.ኤ.አ. ያረፈ) አሠራር። ሸክላ፣ ጥቁር ቅብ።

አፉን ልብ ብለው ይዩት፤ ፍጹም ክብ አይደለም። ሸክላ ሠሪው በተሽከርካሪ ሳይሆን በመዳፉ እያቀና፣ በስለት እየፋቀ ነው ያበጀው። ቅቡ ሲቀልጥ ጣባው እንደ ፍም እንደቀላ በጉጠት ከእቶኑ ይወጣል። ይህን ጥልቅ ጥቁረት የሚሰጠው ድንገተኛው ቅዝቃዜ ነው፤ የጉጠቱ ጠባሳ አንዳንዴ ጎኑ ላይ ይቀራል።

የሻይ ዱቄትን በሙቅ ውሃ መትቶ መጠጣት ከቻይና የመጣ ልማድ ነው። መነኩሴው ኤይሳይ በ1191 ከዚያ ሲመለስ ከዜን ትምህርት ጋር ይዞት መጣ። መኳንንቱም ለረጅም ዘመን የሚኮሩት በቻይና ዕቃ ነበር።

የሻይ መምህሩ ሴን ኖ ሪክዩ (1522–1591) ግን እንዲህ ያለውን ጌጥ አልባ ጣባ መረጠ፤ ሻይ የሚያፈላውም ሁለት የታታሚ ምንጣፍ ብቻ በምትይዝ ክፍል ነበር። ድፍረቱ ያስደንቃል፤ ጌታው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ በወርቅ የተለበጠ የሻይ ክፍል ያሠራ ሰው ነውና። በ1591 ሂዴዮሺ ሪክዩ ሆዱን ቀዶ እንዲሞት አዘዘ።

የቾጂሮን ፈለግ የያዘው የራኩ ቤተሰብ ዛሬም በኪዮቶ የሻይ ጣባ ይሠራል።