63 ዓመት የዘገየ እርማት

ማስታወቂያ ሰውን ለማሳሳት የግድ ሐሰት መናገር አይጠበቅበትም። ሕዝብ የሚያከብረውንና የሚያምነውን ተውሶ ከሸቀጡ ጋር ማስተሳሰር ይበቃዋል። ይህን ከአሜሪካ የሲጋራ ማስታወቂያ ታሪክ የበለጠ የሚያሳይ ማግኘት ይከብዳል።

እ.ኤ.አ. በ1929 ሴት በአደባባይ ማጨሷ ነውር ነበር። ለትምባሆ ኩባንያ የሚሠራው ኤድዋርድ በርኔይስ በኒውዮርክ የፋሲካ ሰልፍ ላይ ወጣት ሴቶች ሲጋራ ለኩሰው እንዲያልፉ አደረገ፤ ሲጋራውም «የነጻነት ችቦ» ተባለ። ጋዜጦች ጉዳዩን እንደ ዜና ዘገቡት። የሴቶቹ የእኩልነት ጥያቄ እውነተኛ ነበር፤ ያተረፈበት ግን ትምባሆ ሻጩ ነው።

በ1946 ተራው የሐኪሙ ነጭ ካፖርት ሆነ። ካሜል የተባለው ሲጋራ ከሌሎቹ ይልቅ በሐኪሞች ዘንድ ተመራጭ መሆኑን ማስነገር ጀመረ። በ1952 ደግሞ ኬንት ለጤና ይበጃል ባለው ማጣሪያ ገበያ ወጣ። ማጣሪያው ውስጥ የነበረው ግን ካንሰር የሚያመጣው አስቤስቶስ ነው፤ እስከ 1956 ድረስም አልወጣም።

በ1950 በአሜሪካና በብሪታንያ የታተሙ ጥናቶች ማጨስን ከሳንባ ካንሰር ጋር አያያዙ። የትምባሆ ኩባንያዎቹ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 1954 ከ400 በላይ በሆኑ ጋዜጦች ላይ የጋራ መግለጫ አወጡ። ጉዳዩ ገና እንዳልተረጋገጠ፣ ለእነርሱም ከሁሉ የሚቀድመው የሕዝብ ጤና እንደሆነ አስታወቁ። በ1969 የተጻፈ የአንድ ኩባንያ የውስጥ ማስታወሻ ግን የሚሸጡት ጥርጣሬ መሆኑን በግልጽ አስፍሯል።

የሲጋራ ማስታወቂያ ከአሜሪካ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የታገደው በ1971 ነው። በ2006 የፌዴራል ዳኛዋ ግላዲስ ኬስለር ኩባንያዎቹ ሕዝቡን ለአሥርት ዓመታት እንዳታለሉ ፈረዱ። በፍርዱ የታዘዘው እርማት በጋዜጣና በቴሌቪዥን መውጣት የጀመረው በ2017 ነው፤ ከ1954ቱ የጋራ መግለጫ 63 ዓመት በኋላ። በመካከሉ ያለቀውን ሰው ግን የሚመልሰው እርማት የለም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይህ ነው።

አገራችንም ሕግ አላት (የአዋጆቹ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው)። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትምባሆን ማስታወቂያ አግዷል፤ የአልኮል መጠጥንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ሆኖም ሕግ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ጉዳቱ ከታየ በኋላ ነው። ከሕጉ ቀድሞ መቆም የሚችለው አመኔታውን የሚያውሰው ሰው ነው።

ስለዚህ ፊታችሁንና ድምፃችሁን ለማስታወቂያ የምትሰጡ አርቲስቶች፣ ጋዜጠኞችና ሐኪሞች ሆይ፤ ከመፈረማችሁ በፊት የምታወድሱት ነገር ማስረጃው የት እንዳለ ጠይቁ። ማስረጃ ካልቀረበላችሁ አትፈርሙ። ሕዝብ የሚገዛው ዕቃውን ብቻ አይደለም፤ እናንተን አምኖ ነው ገንዘቡን የሚያወጣው።