ከወሊሶ የጠፋው ልጅ

ባለፈው ወር ማኅበራችን ቡና ላይ ተሰብስበን ሳለ፣ አንዲት እህታችን የልጇን ክራር ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት እንደመጣች አጫወተችን። «ማትሪክ እስክታልፍ ነው» አለች። ገሚሶቻችን «ደግ አደረግሽ» አልናት፤ ገሚሶቻችን ዝም አልን። በኋላ የጥላሁን ገሠሠ ታሪክ ተነሣ። ያን ዕለት የተጨዋወትነውን ለሌሎቻችሁም እንዲደርስ እዚህ ጽፈነዋል።

ጥላሁን መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደ። በልጅነቱ ወሊሶ አያቱ ዘንድ ተቀምጦ በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ተማረ። አያቱ የተመኙለት ተምሮ ሰው እንዲሆን ነበር፤ የእሱ ልብ ግን ዘፈን ላይ ነው። የሀገር ፍቅር ሰዎች፣ እነ ወይዘሮ ንጋቷ ከልካይና ኢዮኤል ዮሐንስ፣ ትርኢት ሊያሳዩ ትምህርት ቤቱ ሲመጡ ልጁ ኢዮኤልን አማከረው። መዝፈን ከፈለገ አዲስ አበባ መግባት እንዳለበት ነገረው። ጥላሁንም ለአያቱ ሳይናገር ወጣ። ቱሉ ቦሎ ዘመድ ቤት ቢያድር፣ አያቱ አስመለሱት። በሁለተኛው ግን የጭነት መኪና ላይ ተደብቆ አዲስ አበባ ገባ።

አያቱን መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን «አዝማሪ» ስድብ ነበር። ለሠርጋችን የምንጠራው፣ ግንባሩ ላይ ብር የምንለጥፍለት ሰው፣ ልጃችንን ለጋብቻ ቢጠይቅ አንሰጠውም ነበር። ለሴት ደግሞ ይብሳል። በመጀመሪያዎቹ ቴአትሮቻችን የሴቶቹን ቦታ ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ናቸው። እነ ንጋቷ መድረክ ላይ ሲወጡ ስንቱን ሐሜት ችለው እንደሆነ እኛ ሴቶች መገመት አያቅተንም።

እንግዲህ አያቱ የፈሩት ልጃቸው እንዳይናቅ ነው። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። ግን ንቀቱን ያመጣው ማን ነው? እኛው ነን። ባለሙያውን ስንንቅ ኖረን፣ ልጆቻችንን ከራሳችን ንቀት ለማዳን ክራር እንቆልፋለን።

በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር፣ ኋላም የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ፣ ዘፋኙን ደመወዝተኛ አደረጉት። ጥላሁን በሁለቱም ቤት ሠራ። አያቱ ትምህርት የተመኙለት ልጅ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ተሰጠው። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ አገር አለቀሰለት።

ይህን ስንል የዘፈነ ሁሉ ጥላሁን ይሆናል ማለታችን አይደለም። ብዙው አይሆንም። እንዲያውም የሚያሳስበን ያልሆነለት ነው፤ እሱ ተመልሶ የሚገባበት ቤት ያስፈልገዋል። ተደብቆ የወጣ ልጅ ደግሞ መመለስ ያፍራል። ዛሬ ሴት ልጃችን ሳትነግረን ብትወጣ፣ መናኸሪያ ላይ ምን ዓይነት ደላላ እንደሚጠብቃት ሁላችንም እናውቃለን።

ትምህርቷን እንድትጨርስ መምከር የእናት ወግ ነው፤ አናስቀርም። ግን ምክር ሌላ፣ ቁልፍ ሌላ።

እህታችን ክራሩን ገና አልመለሰችም። ለሚመጣው ስብሰባ ልጅቷን ከነክራሯ ይዛት እንድትመጣ ለምነናታል። ቡናውን እኛ እናፈላለን።