ከሰርኪስ ባቡር እስከ ሎንግ ቤዝ፦ የሩቅ መንገድ መኪና ቅኝት

ከጊንጪ ወጣ ብሎ ወደ ጭልሞ ደን የሚያስገባው መንገድ በክረምት የፎር ዊል መኪናን ልክ ያሳያል። ሜዳው ላይ ጥቁር መረሬ አፈር ነው፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ ይቆይና ዝናብ ሲያገኝ ጎማው ላይ እየተለበጠ ጥርሱን ይደፍነዋል። ሽቅብ ሲሉ ጽድና ዝግባ የለበሰው ተዳፋት ይመጣል፤ ጫፉ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ያቃስታል። ይኸው መኪና ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቢነዳ ዳሎል ላይ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ወደ ባሌ ቢዞር ደግሞ ሰነቲ አምባ ላይ ቱሉ ዲምቱን 4,377 ሜትር ድረስ ይወጣል። ጨው፣ አሸዋ፣ ጭቃ፣ ድንጋይና ብርድ ሁሉም ያለው በአንድ አገር ውስጥ ነው።

የሩቅ መንገድ መኪና ሲነሣ ወሬው ቶሎ ወደ ዕቃ ይሄዳል፦ ስኖርክል፣ ዊንች፣ ፖርቶመጋላ፣ ሰፋፊ ጎማ። የአገራችን የመቶ ዓመት ልምድ ግን ወደ ሌላ ይጠቁማል። እዚህ ሩቅ የሄዱትና የቆዩት መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ለሌላ ሥራ የመጡ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ባለቤት እጅ የገቡ፣ ሲሰበሩም በሚቀጥለው ከተማ የሚጠግናቸው ሰው ያላጡ ናቸው። ከአዲስ አበባ በሆለታ፣ በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር አድርጎ ወደ ነቀምቴ የሚዘልቀው መስመር ይህን ታሪክ ከመነሻው ለመከተል ይመቻል።

መንገድና መኪና ሲገናኙ

አፄ ምኒልክ አዲስ ዓለምን ለመናገሻነት ባሰቡበት ዘመን ከአዲስ አበባ ወደዚያ የተዘረጋው ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ ከአገሪቱ ቀደምት ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። በዚያው በ1890ዎቹ አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ መዳመጫ በሕዝብ አፍ «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ። አውቶሞቢል የገባው ጥቂት ቆይቶ ነው፤ በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በአብዛኛው መንገድ ባልነበረበት አገር አቋርጦ፣ መኪናውን ቤተ መንግሥት አደረሰ። ስለዚህ ወደ ኢትዮጵያ የገባው የመጀመሪያው መኪና በራሱ የሩቅ ጉዞ መኪና ነበር ማለት ይቻላል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በጣሊያን ወረራ ነው። ወራሪው ጦሩንና ስንቁን ለማመላለስ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ዋና ዋና መስመሮችን ሲጠርግ በምዕራብ በኩል ያለውም ተሠራ። ጣሊያን ሲባረር መንገዱና የጭነት መኪናው ቀሩ። «ትሬንታ ኳትሮ» እየተባለ የሚታወቀው ፊያት 634 ከጦርነቱ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቡናና እህል አመላልሷል። ፋብሪካው ማምረት አቁሟል፤ የሚያቆየው የሹፌሩ፣ የበያጁና የቀጥቃጩ እጅ ብቻ ነበር። የዛሬው የጋራዥ ሙያ ሥር እዚህ ላይ ነው፤ መኪና በመጽሐፉ ሳይሆን በተገኘው ብረት የሚጠገንበት ልማድ።

ከላንድሮቨር ወደ ቶዮታ

በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለአፍሪካ አገር የመጀመሪያውን ብድር ለኢትዮጵያ ሰጠ፤ ለመንገድ የተመደበው 5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በእነዚህ መንገዶች የሚሄደው ላንድሮቨርም በእንግሊዝ ገበያ የወጣው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ከጦርነቱ በኋላ የብረት እጥረት ስለነበረ አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ ስለዚህ ላዩ አይዝግም፣ ዝገት የሚጨርሰው ሻንሲውን ነው። ቀያሹም፣ የጤና ሠራተኛውም፣ የእርሻ ባለሙያውም በእንዲህ ያለ መኪና ወደ ገጠር ገባ፤ ከአስፋልት በራቁ ከተሞች ደግሞ ሰው ጭኖ የሚሠራ ታክሲ ሆነ።

ከዚያ ዘመን አንድ ቀን በዓለም ታሪክ ተጽፏል። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ተመራማሪዎቹ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ሐዳር ላይ ከሰፈራቸው በላንድሮቨር ወጥተው መሬት ሲያስሱ የሉሲን አጥንት አገኙ። በአፋር ሙቀት እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ መኪና ነዳጁን፣ ውኃውንና መለዋወጫውን ጭኖ መውጣት ነበረበት። ፈንጣጣን ለማጥፋት ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ዘመቻም መኪናው እስከሚችለው ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን በእግርና በበቅሎ ጨረሱት።

ደርግ ሲመጣ ሠራዊቱና መሥሪያ ቤቱ በሶቪየት መኪና ተሞላ። ከእነዚህ ዋዝ የተባለው ጠንካራ ነው፤ አሠራሩም ቀላል። ይሁንና የመለዋወጫው ምንጭ አንድ መንግሥት ስለነበር ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ብዙው በየግቢው ቆሞ ቀረ። ላንድሮቨርም ከገበያው የወጣው ቀስ በቀስ ነው፤ የቶዮታ ዕቃ በቀላሉ ሲገኝ የእርሱ ተወደደ። በየገጠሩ እስከ ቅርብ ጊዜ ሲሠሩ ከታዩት ላንድሮቨሮች ሞተራቸው የጃፓን የሆነው ጥቂት አይደሉም።

ቶዮታን አገር ያስለመደው ግን ከሁሉ በላይ የ1977ቱ ድርቅ ነው። የእርዳታ ድርጅቶች ነጭ ላንድክሩዘር እያስመጡ ወሎንና ትግራይን አጥለቀለቁት። የዚህ ንግድ አንድ ትልቅ ጣቢያ ከስፔን ጥግ ያለችው ጅብራልታር ናት፤ እዚያ ያለ የቶዮታ ድርጅት ለተባበሩት መንግሥታትና ለእርዳታ ድርጅቶች የሚላኩ መኪኖችን የረጅም ርቀት ሬዲዮ፣ የብረት ፓራውልት፣ ስኖርክልና ተጨማሪ ባትሪ እየገጠመ ይልካል። ሌላው ዓለም ለመዝናኛ ጉዞ በብዙ ወጪ የሚያስገጥመው ዕቃ ወደ እኛ የመጣው በእርዳታ ስም ነው። ድርጅቱ ሥራውን ሲጨርስ መኪናው በጨረታ ይሸጣል፤ ሁለተኛ ሕይወቱም እዚህ ላይ ይጀምራል።

ከሥሩ ገብቶ ማየት

ዛሬ ለሩቅ መንገድ የሚፈለገው መኪና በአብዛኛው ሰባ አምስት ወይም ሰባ ስምንት ሎንግ ቤዝ ላንድክሩዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ዋን ኤች ዜድ ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለውና ፖምፓውም በሜካኒክ የሚሠራ ነው። ኮምፒውተር ስለማይፈልግ ጊንጪም ሆነ ባኮ ላይ የሚፈታው ሰው አይታጣም። ላንድክሩዘር ቪ8 ከአዲስ አበባ እስከ አምቦ ያሉትን 114 ኪሎ ሜትሮች በተሻለ ምቾት ይሄዳል፤ ሴንሰሩ አስቸግሮ ሞተሩ ጉልበት ቢያጣ ግን ማሽን ያለው ጋራዥ ፍለጋ ወደ መጡበት መመለስ ነው።

ገዢው መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው፤ ደላላውም ይህን ያውቃል። ልምድ ያለው መካኒክ ግን ካርቶን አንጥፎ ከሥር ይገባል። ሻንሲው የኋላ ባሌስትራ በሚታሰርበት ቦታ ላይ በጥፍሩ ጭቃውን ፍቆ አዲስ ብየዳ ይፈልጋል። በመዶሻ ጫፍ ቀስ ብሎ መታ መታ ያደርጋል፤ ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ ውስጡ የተበላው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። የዲፈረንሻሉን ቡሎን ያላላና ዘይቱን በጣቱ ይነካል፤ ወተት መስሎ ከወጣ ውኃ ገብቷል ማለት ነው። ከዚያ በሮቹ ሥር ማግኔት ይይዛል፤ ካልያዘ ላሜራው አልቆ በስቱኮ ተሞልቷል። «ጋሼ፣ ይቺ ጨው በልታለች፤ ይተዋት» ካለ፣ የሞተሩ ማማር ነገሩን አይለውጠውም። ሞተር ይወርዳል፣ ይታደሳል፤ ጨው የበላው ሻንሲ ግን በብየዳ ብቻ ዕድሜ አያገኝም።

ቀጥሎ ወረቀቱ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር መመሳከር አለበት፤ ሞተር የተቀየረ እንደሆነ መመዝገቡን ማየት ያስፈልጋል። ከእርዳታ ድርጅት የወጣ መኪና ከቀረጥ ነፃ የገባ ሊሆን ስለሚችል ቀረጡ መከፈሉን ሳያረጋግጡ ቀብድ መስጠት ችግር መግዛት ነው።

ምን ይጨመር፣ ምን ይተው

መኪና መለወጥ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። የአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲው ላይ የአውቶቡስ አካል ተሠርቶለት «ቅጥቅጥ» ሆኖ አገር ያዳረሰው በየሰፈሩ ላሜራ ሠራተኛ እጅ ነው። በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ መለዋወጫ፣ ምናለሽ ተራ ደግሞ ከቁርጥራጭ ብረት የተሠራ ዕቃ ያቀርባሉ። የሩቅ መንገድ መኪናም ከዚህ ሙያ ውጭ አይሆንም፤ ጥያቄው ሙያው የት ላይ ይዋል የሚለው ነው።

የሚበዛው ስሕተት ባሌስትራ ላይ ይሠራል። ጭነት ሲበዛና ኋላው ሲወርድ ከጭነት መኪና የተወሰደ ቅጠል ይጨመርበታል። መኪናው ቀና ይላል፤ ነገር ግን ባሌስትራው ስለጠነከረ የጉድጓዱ ምት በሙሉ ወደ ሻንሲው ይተላለፋል፣ መካኒኩ በጥፍሩ የሚፈልገው ስንጥቅም ከዚያ ይመጣል። ፖርቶመጋላ ላይ ጀሪካን መደርደርም እንዲሁ ነው፤ ክብደቱ አናት ላይ ሲሆን ጎን ለጎን በሚያዘነብል መንገድ መኪናውን ይጥለዋል። ብዙዎቹ ሰባ ስምንቶች ሁለት ታንክ ስላላቸው እስከ 180 ሊትር ናፍጣ ከወለል ሥር መያዝ ይችላሉ፤ ይህ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል።

ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ትልቅ የሆነ ለውጥም አለ። ዲፈረንሻል ሲሠራ ይሞቃል፤ የሞቀው ወንዝ ሲገባ ባንዴ ይቀዘቅዛል፤ ውስጡ ያለው አየር ሲኮማተር በመተንፈሻው በኩል ውኃ ይስባል። መተንፈሻውን በፕላስቲክ ቱቦ ወደ ኮፈን ማውጣት ይህን ይከላከላል። ስኖርክልም ከወንዝ ይልቅ ለአቧራ ይጠቅማል፤ ከፍ ካለ ቦታ የሚስብ ሞተር ፊልትሮው ቶሎ አይደፈንም። ጎማው 7.50 በ16 ከሆነ ከቀላል አይሱዙ ጋር ስለሚጋራ በየከተማው ይገኛል፤ ቀለበቱ በሚፈታ ቸርኬ ላይ ከተገጠመ ደግሞ ጎሚስታው ያለ ማሽን፣ በመዶሻና በሌቫ ከፍቶ ከመነዳሪውን ይለጥፈዋል። የሚያምረው ሰፊ ጎማ ቢቀደድ ግን ከአዲስ አበባ ውጭ ምትክ ማግኘት ዕድል ነው። አሸዋና ጨው ላይ የጎማውን አየር መቀነስ ይረዳል። የጭልሞና የጊንጪ መረሬ ግን በዚህ አይሸነፍም፤ ሰንሰለት አስሮ መሞከር ወይም ቆሞ ፀሐይ መጠበቅ ነው።

የቀረው ጊዜ

የመንገዱ ሁኔታ ራሱ ተለውጧል። በ1989 ዓ.ም. የአገሪቱ መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. ከ100,000 አልፏል። በሌላ በኩል በምዕራብ ሸዋ ባለፉት ዓመታት የነበረው የጸጥታ ችግር፣ ጉዞን ከመኪናው ብቃት ይልቅ የመንገዱ መከፈት እንደሚወስነው አሳይቷል።

ገበያውንም ሕግ ቀይሮታል። የ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ ቁጥር 1186 መኪናው ባረጀ ቁጥር ግብሩ እንዲከብድ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ አገደ። የኤሌክትሪክ መኪና ለከተማና ለአስፋልት መልስ ይሆናል፤ ቻርጅ ማድረጊያ በሌለበት ቆላ ለሳምንት ለሚሰነብት ቡድን ግን ገና አልደረሰለትም። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት ሎንግ ቤዞች ዋጋቸው አይወርድም፤ እያንዳንዱም ከአምራቹ ሐሳብ በላይ እንዲያገለግል ይገደዳል።

እንግዲህ ለሩቅ መንገድ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ሲያካፍል ቅደም ተከተሉ ከዚህ ታሪክ ይገኛል። መጀመሪያ ሻንሲና ወረቀት፤ ቀጥሎ ፍሬን፣ መሪና ኩሽኔታ፤ ከዚያ ጎማና የውኃ መያዣ፤ ዊንቹና መብራቱ ከተረፈ ገንዘብ ነው። ትሬንታ ኳትሮ ፋብሪካው ከተወው በኋላ የሠራው፣ ዋዝ ደግሞ ገና ጉልበት እያለው የቆመው በዕቃና በእጅ ልዩነት ነው። በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር የናፍጣ ፖምፓ የሚፈታ፣ ባሌስትራ የሚቀጠቅጥ፣ ቸርኬ የሚያቃና ሰው እስካለ ድረስ አሮጌው ላንድክሩዘር የሩቅ መንገድ መኪና ነው። ያን ሙያ የሚተካ ወጣት ከጠፋ ግን ከጅብራልታር በሙሉ ዕቃው የመጣውም ቢሆን ሩቅ አይሄድም።