ጓያ የሚሰብረው ምኑን ነው?

በጎጃምና በጎንደር ገጠር ጤነኛ የነበረ ጎልማሳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዱላ መመርኮዝ ሲጀምር «ጓያ ሰበረው» ይባላል፡፡ አባባሉ ግን ያሳስታል፡፡ የተሰበረ አጥንት የለም፡፡ በአንድ ወቅት በመርጡለ ማርያም ገበያ ሁለት ዱላ ይዘው፣ በእግራቸው ጣቶች እየረገጡ፣ ጉልበትና ጉልበታቸው እየተጋጨ የሚያልፉ ሰው አይቻለሁ፡፡ እግራቸው እንደ እንጨት የደረቀ እንጂ የዛለ አልነበረም፡፡ እኔ የሕግ ሰው እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ጉዳዩ ወደ ሕግም ስለሚወስደን ከሥሩ መጀመር ይሻላል፡፡

እግሩን አንጠልጥሎ የተቀመጠ ሰው ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለው ጅማት በትንሽ መዶሻ ሲመታ እግሩ ወደ ፊት ይወረወራል፡፡ ጅማቱ ሲመታ የጭኑ ጡንቻ በጥቂቱ ይለጠጣል፡፡ በጡንቻው ውስጥ ያሉ የመለጠጥ ጠቋሚዎች ወሬውን ወደ ሕብለ ሰረሰር ያደርሳሉ፡፡ እዚያ ያለው ነርቭ ያንኑ ጡንቻ «ተኮማተር» ብሎ ያዘዋል፤ ከበስተኋላ ያለውን ተቃራኒ ጡንቻ ደግሞ በሌላ ነርቭ በኩል «ላላ» ይለዋል፡፡ አንጎል አይጠየቅም፡፡ ምላሹ የሚጀምረው አንድ ሰከንድ ለ20 ተከፍሎ ከሚገኘው ጊዜ ባነሰ ፍጥነት ነው፡፡ ይህ ሪፍሌክስ ይባላል፡፡ የጉልበቱን ምላሽ ኤርብና ቬስትፋል የተባሉ የጀርመን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1875 የገለጹት ሲሆን፣ የመለጠጥን ሪፍሌክስ አሠራር ደግሞ እንግሊዛዊው ሸሪንግተን ከሊደል ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1924 አስረድቷል፡፡

ጥቅሙ የሐኪም መፈተሻ ከመሆን ይሰፋል፡፡ ውኃ ተሸክማ ዳገት የምትወርድ እናት ድንጋይ አዳልጧት ቁርጭምጭሚቷ ሲታጠፍ፣ አስባ ሳትወስን በፊት ጡንቻዋ መልስ መስጠት ይጀምራል፡፡ ሕብለ ሰረሰር እንደ አጥቢያ ዳኛ ፈጣን ፍርድ ይሰጣል፡፡ አንጎል ደግሞ እንደ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ከላይ በሚወርዱ ነርቮች አማካይነት የፍርዱን መጠን ያርማል፤ ሲበዛ ይቀንሳል፣ ሲያስፈልግ ይጨምራል፡፡

ጓያ የሚጎዳው እነዚህን ወራጅ ነርቮች፣ ይልቁንም እግርን የሚያዙትን ነው፡፡ በፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የተባለ ንጥረ ነገር ይገኛል፤ ነርቮችን ከልክ በላይ በመቀስቀስ ይጎዳቸዋል ተብሎ ይታመናል፡፡ ያን ጊዜ ይግባኝ ሰሚው ዝም ይላል፣ የአጥቢያው ዳኛ ብቻውን ይቀራል፡፡ ጡንቻው በፈጠነ መጠን ሲሳብ በዚያው መጠን ይገትራል፤ ጭኖች ወደ ውስጥ ይሳባሉ፣ ተረከዝ ይነሳል፡፡ በደም ሥር መፍሰስ ወይም መዘጋት አንጎላቸው በተጎዳና ሕብለ ሰረሰራቸው በተቆረጠ ሰዎች ላይ የሚታየው ግትርነት ከዚሁ ወገን ነው፡፡ ፖሊዮ ግን የተለየ ነው፤ እሱ ጡንቻን የሚያዘውን የሕብለ ሰረሰር ነርቭ ራሱን ስለሚገድል እግሩ ይዝላል፣ ይሰልላል፡፡

እንግዲህ ሰው ጉዳቱን እያወቀ ለምን ይበላዋል? ጓያ ድርቅን ይችላል፤ ክረምቱ ሲወጣ በመረሬ መሬት በቀረው እርጥበት ይበቅላል፡፡ ሌላው ሰብል ሲጠፋ እሱ ይገኛል፡፡ ጥቂት ጓያ ከሌላ እህል ጋር መብላት ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም፤ አደጋው ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጎንደር፣ በ1990ዎቹ ደግሞ በወሎ ደላንታና ዳውንት ወረርሽኙ ተከስቷል፡፡ ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ጥናት እንዳሳየው እሸቱ፣ ቆሎውና ንፍሮው አደጋውን ያብሳሉ፤ ከእህል ጋር መቀላቀል ግን ይቀንሰዋል፡፡ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትም መርዙን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም፡፡

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ክርክር የሕግ ነው፡፡ አንዴ የተጎዳው ነርቭ አይመለስም፡፡ እንደ ባክሎፌን ያሉ መድኃኒቶችና ጡንቻን ማሳሳብ ግትርነቱን ሊያለዝቡ ይችላሉ እንጂ በሽታውን አያድኑም፡፡ የሰውዬው አእምሮ ደህና ነው፣ ክንዱም እንደነበረ ነው፤ የቀረበት እርሻው ነው፡፡ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ያዛል፡፡ አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2010 የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት አጽድቃለች፡፡ «አቅም በፈቀደ» የሚለው ሐረግ ማምለጫ ሲሆን በተደጋጋሚ ታይቷል፡፡ ለጓያ ግን ማምለጫ አይሆንም፡፡ ዘግይቶ ዕድሜ ልክ ከመጦር ቀድሞ ጥቂት ኩንታል ስንዴ ማድረስ ይረክሳልና፡፡ የእርዳታ እህል መድረስ ያለበት ገበሬው ጓያ ብቻ መብላት ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ዱላ ካነሳ በኋላ የሚመጣው እህል ሆዱን ይሞላለት ይሆናል፣ እግሩን ግን አይመልስለትም፡፡